ከመዶሻው በፊት የሚሠራ ሒሳብ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ሳንቲም ጨረታ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በኢንተርኔት ጨረታ የድሮ ሳንቲም ከሚገዙ አንባቢያን የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ «እንዴት ላሸንፍ?» ይላሉ። እኛ ደግሞ ብዙውን ቦታ የሰጠነው ከማሸነፉ በፊት ላለው ሥራ ነው። በዚህ መስክ ገንዘብ የሚያጡት የተሸነፉት ሳይሆኑ ያልመረመሩትን ሳንቲም ባላሰሉት ዋጋ ያሸነፉት ናቸውና።

ጥያቄ፦ ለአንድ የድሮ ሳንቲም 380 ሰጥቼ አሸነፍኩ። የክፍያ መጠየቂያው ሲመጣ ግን 481 ይላል። አጫራቹ አጭበርብሮኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። 380 የመዶሻ ዋጋ ነው፤ ጨረታው የቆመበት ቁጥር ማለት ነው። አጫራች ድርጅቶች በዚህ ላይ የገዥ ኮሚሽን ይጨምራሉ። በትልልቆቹ ዘንድ 20 በመቶና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። የ380 20 በመቶ 76 ነው፤ ድምሩ 456 ይሆናል። ቀሪው 25 የመላኪያና የመድን ይመስላል። ሁሉም በጨረታው ደንብ ላይ ተጽፏል፤ ችግሩ ደንቡ የሚነበበው ከተሸነፉ ወይም ካሸነፉ በኋላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ይሥሩት። በመጀመሪያ «ይህ ሳንቲም እጄ እስኪገባ ድረስ በጠቅላላው ስንት ላወጣ እችላለሁ?» ብለው አንድ ቁጥር ይጻፉ። 500 ነው እንበል። ከዚህ ላይ መላኪያና መድን 20 ይቀንሱ፤ 480 ይቀራል። ኮሚሽኑ 20 በመቶ ከሆነ 480ን ለ1.2 ያካፍሉ፤ 400 ያገኛሉ። መስጠት የሚችሉት ከፍተኛው ዋጋ ይህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ከ480 ላይ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ 384 ይመጣለታል። ሳያውቀው ከራሱ ገደብ በታች ይጫረታል ማለት ነው።

ዕቃው ከውጭ አገር የሚገባ ከሆነና በዋጋው፣ በኮሚሽኑና በመላኪያው ድምር ላይ 10 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 500ን ለ1.1 ያካፍሉ፤ 454.5 ይሆናል። 20 ሲቀነስ 434.5፣ ለ1.2 ሲካፈል 362 ገደማ። ያው 500 በኪስዎ እያለ ገደብዎ ከ400 ወደ 362 ወረደ። በካርድ ወይም በባንክ ዝውውር ሲከፈል የሚቆረጥ፣ በምንዛሬ ላይ የሚጨመር ነገር ካለም እዚሁ ይገባል።

ያ 500 ራሱ ከየት ይመጣል? አጫራቹ ካስቀመጠው ግምት አይውሰዱት፤ ግምት አንዳንድ ጊዜ ተጫራች ለመሳብ ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል። ሱቅ ላይ ከተለጠፈ ዋጋም አይውሰዱት፤ እሱ ሻጩ የተመኘው ነው። የሚታመነው በትክክል የተሸጠበት ዋጋ ነው። ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ የማምረቻ ምልክት (ሳንቲሙ በየትኛው ከተማ እንደተመታ የምታሳይ ፊደል) እና ተመሳሳይ ደረጃ (የሳንቲሙ ይዞታ መለኪያ) ያላቸውን አምስት ስድስት የቅርብ ጊዜ ሽያጮች ያግኙ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጥለው መካከለኞቹን ይመልከቱ። አንድ ነገር ግን በጣም ይጠንቀቁ፦ ብዙ የሽያጭ መዛግብት የሚያሳዩት ኮሚሽን የተጨመረበትን ዋጋ ነው። 600 ተሽጧል የሚለው ሳንቲም ኮሚሽኑ 20 በመቶ ከሆነ መዶሻው የተመታው 500 ላይ ነው። ይህን ሳያስተውሉ 600 የሚያስገቡ ሰዎች 720 ይከፍላሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ሊሸጡት ሲሞክሩ ነው ጉዳዩ የሚገባቸው።

ጥያቄ፦ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የምመራው እኔ ነኝ። አምስት ሰከንድ ሲቀር አንድ ሰው መጥቶ ይነጥቀኛል። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ዘዴ ነው ያላቸው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጨረታው እንዴት እንደሚዘጋ ይወቁ፤ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ኢቤይ ባሉ ገበያዎች ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፤ ማንም ምንም ቢል አይራዘምም። በብዙ አጫራች ድርጅቶች ግን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አዲስ ዋጋ ከመጣ ሰዓቱ ይራዘማል፤ በሁለተኛው ዓይነት በመጨረሻዋ ሰከንድ መግባት ምንም ጥቅም የለውም።

ሰዓቱ በማይራዘምበት ጨረታ የሚሆነው እንዲህ ነው። እርስዎ ከፍተኛ ገደብዎን ሲያስገቡ ሲስተሙ በሙሉ አያውለውም፤ በእርስዎ ስም ሆኖ ከተፎካካሪው አንድ እርከን (ዋጋው በአንድ ጊዜ የሚጨምርበት መጠን) ብቻ ከፍ እያለ ይጨምራል። ለምሳሌ አንድ ሰው 300 አስገብቷል፤ እርስዎ 250 ያስገባሉ፤ እርከኑ 5 ነው። ወዲያው 255 ሆኖ እሱ ይመራል። እርስዎ የሚያዩት 255 ብቻ ስለሆነ «260 ብል እወስደዋለሁ» ይላሉ፤ 265 ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አጥሩ የት እንዳለ ሳያዩ ይገፋሉ፤ እልህም ይገባል። በመጨረሻዋ ሰከንድ የሚመጣው ሰው ይህን ዕድል ነው የሚነፍግዎ። እሱ ገደቡን አስቀድሞ ወስኖ አንዴ ብቻ ይገባል፤ የተመለከተው ሰው ደግሞ እንደገና ለማሰብ ጊዜ የለውም። የሚከፍለውም የራሱን ገደብ ሙሉ ሳይሆን ከሁለተኛው ከፍተኛ ዋጋ አንድ እርከን በላይ ነው።

እርስዎም ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ገደብዎን በወረቀት ይጻፉ፤ ገጹን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ይክፈቱ፤ መግቢያ ቃልዎ ጊዜው አልፎ እንዳይዘጋብዎ ያረጋግጡ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰከንድ ሲቀር አንዴ ያስገቡ። ከዚህ ቢዘገዩ ኔትወርኩ ሊቀድምዎ ይችላል። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፦ 300 ሳይሆን 303.27። ብዙ ሰው ክብ ቁጥር ያስገባል፤ እኩል ሲሆን ደግሞ የሚያሸንፈው ቀድሞ ያስገባው ነው። በኢቤይ ከ100 እስከ 249.99 ባለው ክልል እርከኑ 2.50፣ ከ250 እስከ 499.99 ባለው 5 ዶላር ነው፤ ሆኖም የእርስዎ ገደብ ከሌላው በጥቂት የዶላር መቶኛዎች ብቻ ቢበልጥም ያሸንፋል፤ ሙሉ እርከን መብለጥ አይጠበቅበትም።

በቀጥታ በሚተላለፍ የአዳራሽ ጨረታ ላይ ግን ጎዶሎ ቁጥር አይሠራም፤ ወደ ቅርቡ ዝቅተኛ እርከን ይወርዳል። እዚያ ሌላ ወጥመድ አለ። እርከኖቹ 340፣ 360፣ 380፣ 400 ሆነው ይሄዳሉ እንበል፤ እርስዎ አስቀድመው ለአጫራቹ የተዉት ገደብ 400 ነው። ተራው ወድቆ 380 በእርስዎ፣ 400 በአዳራሹ ሰው ላይ ካረፈ ገደብዎ 400 ሆኖ ሳለ በ400 ተሸነፉ። ብዙ ድርጅቶች ለዚህ «አንድ እርከን ጨምርልኝ» የሚል ምልክት ማድረጊያ አላቸው። ለእውነተኛ ፍላጎትዎ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ተጨማሪዋን እርከንም በሒሳቡ ውስጥ ይቁጠሯት።

አንድ ዓይነት ሳንቲም በአንድ ጨረታ ላይ ሦስት ቦታ ቢቀርብና የሚፈልጉት አንዱን ብቻ ከሆነ በሦስቱም ላይ ገደብ አያስገቡ፤ ሦስቱንም ሊወስዱ ይችላሉ። ሲስተሙ አጠቃላይ የወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ከሆነ ያስቀምጡ፤ አለዚያ የመጀመሪያው እስኪዘጋ ይጠብቁ። የሰጡትን ዋጋ መልሶ መሳብ በአብዛኛው የሚፈቀደው አንድ ዜሮ እንደ መጨመር ላለ ግልጽ ስህተት ነው፤ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ምክንያት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው የለጠፈው። ከፎቶ ምን ያህል ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ከሚያስቡት በላይ፤ ፎቶው ደህና ከሆነ። አስቀድመው ግን ፎቶው የዚያው ሳንቲም መሆኑን ያጣሩ። ሻጩ ለአሥር የተለያዩ ዕቃዎች አንድ ፎቶ ከተጠቀመ ወይም መግለጫው ውስጥ «ተመሳሳይ ሳንቲም ይላካል» የሚል ካለ የሚገዙት ያዩትን አይደለም። ፎቶውን በምስል መፈለጊያ ውስጥ ያስገቡት፤ ቀድሞ በሌላ ጨረታ ተሸጦ ከነበረ ይወጣል።

ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ፊቱንና ጀርባውን በደንብ ቀርቦ፣ ጠርዙን ለብቻው፣ በአንድ አምፖል ሥር ቀስ ብሎ ሲዘነበል የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ። ጠርዙና ቪዲዮው ዋናዎቹ ናቸው። ያልተነካ ሳንቲም ሲዘነበል ብርሃኑ እንደ መንኮራኩር ጨረር ይዞራል። ምክንያቱ ማሽኑ ሲመታው ብረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሚፈስና በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን መስመሮችን ስለሚተው ነው። በጨርቅ ወይም በኬሚካል የተጠረገ ሳንቲም ላይ እነዚህ መስመሮች ይጠፋሉ፤ ብርሃኑ አይዞርም፤ ሳንቲሙ ያበራል እንጂ አይንቀሳቀስም። በጣም የደመቀ፣ ነጭ የሆነ፣ ጥላ የሌለበት ፎቶ በትክክል ይህን ነው የሚደብቀው። ጥሩ ሻጭ ቪዲዮ ሲጠየቅ አይከፋውም።

ቀጥሎ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ይመልከቱ። በሞርጋን ዶላር (የድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲም) ላይ በፊቱ ካለችው ሴት ጆሮ በላይ ያለው ፀጉርና በጀርባው ያለው የንስሩ ደረት ናቸው። እዚያ ዝርዝሩ ጠፍቶ ቀለሙ ደንዝዞ ግራጫ ከሆነ በመዘዋወር ያለቀ ነው። ዝርዝሩ ጠፍቶ ነገር ግን አንጸባራቂነቱ እንደ ሌላው ቦታ ከቀጠለ ሲመታ በደንብ አልተመታም ማለት ነው፤ ሁለቱ በዋጋ ይለያያሉ። ሜዳው (ጽሑፍና ሥዕል የሌለበት ጠፍጣፋው ቦታ) ነጭ ሆኖ በፊደሎቹ ዙሪያ ጥቁር ቆሻሻ ካለ ተጠርጓል። በፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ብረቱ ተገፍቶ የተቆለለ ከመሰለ በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ተፈትጓል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

ጠርዙን ከአናት ጀምረው ዙሪያውን ይቃኙ። ሳንቲሙ አንድ ጊዜ የማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶለት ጌጥ ሆኖ ከነበረ የብየዳው ቦታ ቢሞረድም ቀለሙ ይለያል፤ ጥርሶቹም እዚያ ላይ ይቋረጣሉ። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ የተሠራ ሐሰተኛ ደግሞ በጠርዙ መሐል ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር፣ በሜዳው ላይ የአየር ቀዳዳዎች፣ እንደ ሳሙና የለሰለሱ ፊደሎች ይታዩበታል። ማሽን የመታው ሐሰተኛ ከዚህ ይልቅ እውነተኛ ይመስላል፤ እሱን የሚያጋልጠው ድግግሞሽ ነው፦ የተለያየ ዓመት ባላቸው ሁለት ሳንቲሞች ላይ አንድ ዓይነት ጭረት በአንድ ቦታ ካዩ ጭረቱ ሳንቲሙን ከመታው ማኅተም ነው የመጣው።

በቀለም የተሸፈነ ብር ሲገጥምዎ ቅደም ተከተሉን ይዩ። ተፈጥሯዊው ቀለም የሚመጣው በብሩ ላይ ከሚፈጠር በጣም ስስ የሰልፋይድ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ሲወፍር ከወርቃማ ወደ ቀይና ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሸጋገራል። ወርቃማው ሳይኖር በቀጥታ ደማቅ ሰማያዊ የተረጨ ከመሰለ ይጠርጥሩ።

በመጨረሻም አንዲት ፊደል ዋጋውን ብዙ እጥፍ የምታደርግ ከሆነ በዚያች ፊደል ላይ ያተኩሩ። የ1893 ሞርጋን ዶላር የሳን ፍራንሲስኮ «ኤስ» ያለበት 100,000 ብቻ ነው የተመታው፤ የ1916 የዴንቨር «ዲ» ያለበት የአሜሪካ የአሥር ሳንቲም ገንዘብ (ዳይም) 264,000። በሁለቱም ላይ ፊደሏ በተራ ሳንቲም ላይ ትለጠፋለች። የ1893ቱ በሙሉ በአንድ የፊት ማኅተም ስለተመቱ በእውነተኛው ላይ «ሊበርቲ» በሚለው ቃል ውስጥ በ«ቲ» አናት ላይ አንዲት ከፍ ያለች ሰያፍ መስመር አለች። መስመሯ ከሌለች ፊደሏ የቱንም ያህል ብታምር ሳንቲሙ ያው የሌላ ከተማ ነው።

ጥያቄ፦ በፕላስቲክ የታሸገና ደረጃ የተሰጠው ሳንቲም ብቻ ብገዛ ከዚህ ሁሉ አልድንም?

መልስ፦ ከብዙው ይድናሉ፤ ከሁሉም ግን አይደለም። ደረጃው የሚሰጠው የሳንቲም ተመራማሪው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው ከ1 እስከ 70 በሚሄድ መለኪያ መሠረት ነው፤ 60ና ከዚያ በላይ ያለው በገበያ ላይ ያልተዘዋወረ ነው። በገበያው በጣም የሚታመኑት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ከ1986 ጀምሮ የሚሠራው ፒሲጂኤስና በ1987 የተመሠረተው ኤንጂሲ ናቸው። ማንም ሰው ፕላስቲክ አስመርቶ «67» ብሎ መጻፍ ስለሚችል በማያውቁት ማሸጊያ ውስጥ ያለን ሳንቲም እንዳልታሸገ ይቁጠሩት።

የታወቀ ማሸጊያ ቢሆንም ቁጥሩን በድርጅቱ ገጽ ላይ ያስገቡ። ዓመቱ፣ ዓይነቱና ደረጃው መግጠም አለባቸው። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አስመሳዮች የእውነተኛ ሳንቲም ቁጥር ይገለብጣሉ፤ ቁጥሩ ሲፈተሽ «ትክክል» ይላል። ስለዚህ በድርጅቱ መዝገብ ፎቶ ካለ በእርስዎ ሳንቲም ላይ ያሉትን ጭረቶች አንድ በአንድ ያስተያዩ። ጭረት እንደ አሻራ ነው፤ ሁለት ሳንቲም አንድ ዓይነት የለውም። ፎቶ ከሌለ የመለያ ወረቀቱን ፊደል፣ የፕላስቲኩን መገጣጠሚያና የውስጡን ቀለበት ከእውነተኛ ማሸጊያ ጋር ያወዳድሩ።

«ዲቴይልስ» የሚል ቃል ከቁጥሩ ፋንታ ወይም አጠገብ ካለ ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ተጠርጓል፣ ተጭሯል ወይም ተጠግኗል ማለት ነው። በፎቶ አንግል ይህን ቃል ከጥላ ሥር የሚደብቁ ሻጮች አሉ፤ የመለያ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ካልታየ አይጫረቱ። ደግሞም በ64ና በ65 መካከል ዋጋው በእጥፍ የሚዘልባቸው ሳንቲሞች አሉ። እንዲህ ባለው ላይ ደረጃ ያልተሰጠውን በ65 ዋጋ መግዛት የሻጩን ተስፋ መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ 1780 የሚል ማሪያ ቴሬዛ ለጨረታ ቀርቧል፤ «የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብርቅዬ» ይላል። ልግባበት?

መልስ፦ በዚያ መግለጫ ላይ ተመሥርተው አይግቡ። ጠገራ ብር እያልን የምናውቀው ይህ ሳንቲም ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 ወዲህ ዓመቱ ሳይቀየር ሲመታ ኖሯል። በቪየና ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ብራሰልስ ላይ ተመትቷል፤ በኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም። ዛሬም ከኦስትሪያ አዲስ ይገዛል። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን አይነግርዎትም። አብዛኛው በውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙም የማይርቅ ነው።

ዕድሜውንና የተመታበትን ቦታ የሚለዩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ በንግሥቲቱ ልብስ ላይ ባለው ብሮሽ (የጌጥ መርፌ) ያሉት ዕንቁዎች ቁጥርና አቀማመጥ፣ የንስሩ ጭራ ላባዎች፣ በደረቷ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» ፊደሎች ቅርጽ፣ በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብሎ የተጻፈው የላቲን መፈክርና በቃላቱ መካከል ያሉት ጌጦች። ሻጩ «ብርቅዬ» ካለ ከእነዚህ በየትኛው እንደለየው ይጠይቁት። መመለስ ካልቻለ ገደብዎን በብሩ ክብደት ያስሉ፦ 28.07 ግራም፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የጀርመንና የፈረንሳይ ጨረታዎች ደረጃውን በራሳቸው ቃል ነው የሚጽፉት። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በጀርመን «ዜር ሾን» የእንግሊዝኛውን ቬሪ ፋይን (በመጠኑ ያለቀ)፣ «ፎርትሱግሊሽ» ኤክስትሪምሊ ፋይን (ጥቂት ብቻ ያለቀ)፣ «ሽቴምፔልግላንስ» ያልተዘዋወረውን ይወክላሉ። በፈረንሳይ «ቴቴቤ»፣ «ሱፕ» እና «ፍሎር ደ ኳን» በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። በቃል ለቃል ትርጉም ብቻ ከአሜሪካ ዋጋ ጋር አያወዳድሩ። የአውሮፓ ድርጅቶች በቃላቸው ጠበቅ ይላሉ፤ እዚያ ፎርትሱግሊሽ የተባለው በአሜሪካ መለኪያ ከ50 በላይ ሊያገኝ ይችላል። ፎቶውን አይተው በራስዎ ዓይን ደረጃ መስጠቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዋጋው በሰው ሰራሽ መንገድ እየተገፋ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የተጫራቾችን ታሪክ ይክፈቱ። ስሙ ቢሸፈንም አንድ ተጫራች ከሰጣቸው ዋጋዎች አብዛኞቹ ለዚሁ ሻጭ ከሆኑ፣ አንድም ጊዜ ካላሸነፈ፣ የመሪውን ገደብ በትንንሽ ጭማሪ ፈትሾ ልክ ሊያልፈው ሲል የሚያቆም ከሆነ ወይም ካለፈው በኋላ ዋጋውን የሚስብ ከሆነ ይሽሹ። አንድ ምልክት ብቻ ማስረጃ አይደለም፤ ሦስቱ ሲገናኙ ግን ጨረታውን ትተው ለገበያው አስተዳደር ያመልክቱ። ገደብዎን ዘግይተው ማስገባት እዚህም ይረዳል፤ ያልገባን ገደብ ማንም ሊፈትሸው አይችልም።

ከተሸነፉ በኋላ «አሸናፊው አልከፈለም፤ በእርስዎ ዋጋ ውሰዱት» የሚል መልእክት ቢመጣ በኢሜይል ካለው ማያያዣ አይግቡ። በራስዎ ወደ ገበያው ገጽ ገብተው ግብዣው በመለያዎ ውስጥ ካለ ብቻ ይቀበሉ። ከገበያው ውጭ ክፈሉ የሚል ሻጭ የሚያቀርበው ቅናሽ ምንም ያህል ቢያጓጓ የገዥ ጥበቃዎን ያሳጣዎታል።

ጥያቄ፦ ሳንቲሙ ደረሰኝ። ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ፓኬጁን ከመክፈትዎ በፊት ስልክዎን ቀርጾ እንዲይዝ ያቁሙ፤ የላኪው አድራሻና የታሸገበት ቴፕ ይታዩ፤ ሳይቋረጥ ሳንቲሙ እስኪወጣ ድረስ ይቅረጹ። ቅሬታ ለማቅረብ የተሰጠው ቀን አጭር ስለሆነ ሥራውን በዚያው ቀን ይጨርሱ። ጠርዙን ብቻ ይያዙ፤ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ።

0.01 ግራም የሚለይ ሚዛንና ካሊፐር (የስፋት መለኪያ መሣሪያ) ያስፈልግዎታል። ሞርጋን ዶላር 26.73 ግራም፣ 38.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲመረት የተፈቀደው ልዩነት ከ0.1 ግራም በታች ነበር፤ ያለቀ ሳንቲም ግን ከዚያም ሊቀል ይችላል። የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም የሆነው ሶቨሪን 7.99 ግራም፣ 22.05 ሚሊ ሜትር ነው። ማግኔት ወርቅንም ብርንም አይስብም፤ ግን ነሐስንና እርሳስንም አይስብም። ስለዚህ ማግኔቱ ካልሳበው ምንም አልተረጋገጠም፤ ከሳበው ግን ጉዳዩ አልቋል።

ክብደቱና ስፋቱ ከገጠመ እፍጋቱን ይለኩ። በሚዛኑ ላይ ግማሽ ድረስ የተጣራ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይክተቱት፤ ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። የሳንቲሙን ክብደት ለዚህ ያካፍሉ። ለሞርጋን 26.73 ለ2.59 ሲካፈል 10.3 ይመጣል፤ ከ1000 እጅ 900ው ብር የሆነ ቅይጥ እፍጋቱ ይህን ያህል ነው። ማሪያ ቴሬዛ 10.2 ገደማ ይሰጣል። 8 ተኩል አካባቢ ከመጣ ነሐስ መሰል ነው። በሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል፤ በክሩ ነቅነቅ አድርገው ያራግፉት።

ይህ ዘዴ በትንንሽ ሳንቲም ላይ ያታልላል። 2.5 ግራም የሚመዝነው የብር ዳይም የሚገፋው ውኃ 0.24 ግራም ነው፤ ሚዛኑ በአንድ መቶኛ ቢሳሳትና 0.25 ቢል ውጤቱ ከ10.4 ወደ 10.0 ይወርዳል። ለእሱ 0.001 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። በንጹሕ ወርቅም ላይ አይመኑበት፤ ተንግስተን 19.25፣ ወርቅ 19.3 ስለሆነ በዚህ አይለዩም። የታሸገውን ደግሞ ለመመዘን ብለው አይክፈቱት፤ ሲከፈት ዋስትናውም የመመለስ መብቱም አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ሳንቲም ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር አለ። ላጥበው?

መልስ፦ በሳሙና፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በብር ማጽጃ ከሆነ በፍጹም አይንኩት። የሚያጣብቀው አረንጓዴ ብዙ ጊዜ ሳንቲሙ ከቆየበት ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ የወጣ ነው፤ ከተተወ ብረቱን ይበላል። የሚያነሳው ንጹሕ አሴቶን ነው፤ ሽቶና ዘይት የተቀላቀለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሳንቲሙ እስኪሸፈን ያፍስሱ፤ ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ በአዲስ አሴቶን ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት፤ ሳያሹ በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። መስኮት ይከፈት፤ እሳት አጠገብ አይኑር። አሴቶን ብረቱን አይነካም፤ የቀረ አረንጓዴ ካለ ብረቱ ራሱ ዝጓል ማለት ነውና ከዚህ በላይ አይግፉት።

ከዚያ ወደ አሮጌው ቦርሳ አይመልሱት። ሲታጠፍ የሚለጠጥና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሸው ደረቅ ግልጽ ማይላር ይሻላል። ይህንንም ቢሆን ሲያስገቡና ሲያወጡ ስለሚጭር በጣም ንጹሕ ለሆኑት በልካቸው የተሠራ ጠንካራ ክብ ማቀፊያ ይግዙ፤ ልኩ ያው በካሊፐሩ የለኩት ሚሊ ሜትር ነው።